ያለ ዲግሪ እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ውጭ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የሚጀምር መንገድ

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ለገጣፎ፣ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፣ ኮንዶሚኒየም በተሠራበት ሁሉ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት አይታጣም። በውስጡም እንግሊዝኛ አቀላጥፋ የምትናገር፣ ልጆቹ የሚወዷት፣ ዲግሪ ግን የሌላት መምህርት አትጠፋም። ይህ ስንፍና አይደለም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዩኒቨርሲቲ በር ውጭ ከቀረው ወጣት መካከል እንግሊዝኛን ከብዙ ተመራቂ በተሻለ የሚያውቅ አለ። ቀጥሎ ያለው ለዚህ ሰው የሚሆን ነው።

ቅደም ተከተሉን ከመጀመሪያው ልናገር፦ በመጀመሪያ ውጭ አገር ያለው ተማሪ በኢንተርኔት ወደ እናንተ ይምጣ፤ እናንተ ወደ ተማሪው የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ «መጀመሪያ ብረሩ፣ ሥራው እዚያ ይጠብቃችኋል» የሚል ሰው፣ ሥራ ሳይሆን ጉዞ እየሸጠ ነው።

1. የተዘጉትን በሮች አስቀድሞ ማወቅ

ያለ ዲግሪ እንግሊዝኛ እያስተማሩ ዓለምን ስለመዞር የሚጻፈው ምክር በአብዛኛው የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የተጻፈ ነው። እርሱ የሚጎድለው አንድ ነገር፣ ዲግሪው ነው፤ እኛ የሚጎድለን ሁለት ነው፦ ዲግሪውም ፓስፖርቱም።

ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 የተባለው ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገሮች ዜጎች የተዘጋጀ ነው፦ ለአሜሪካ፣ ለካናዳ፣ ለእንግሊዝ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። በእንግሊዝኛ ተምረው ያደጉት ናይጄሪያውያንና ኬንያውያን እንኳ ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። በዚያ ላይ ዲግሪ ይጠየቃል። ቻይናም ባችለር ዲግሪ ትፈልጋለች፤ በአብዛኛው የምትቀበለውም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ከሆነ አገሮች የመጡትን ነው። ቬትናም ዲግሪና የማስተማር ሰርተፍኬት ትጠይቃለች። ታይላንድ ደግሞ ከዲግሪው በተጨማሪ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ መምህር የቋንቋ ፈተና ውጤት እንዲያቀርብ ታስገድዳለች። በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ለክፍል መምህርነት የተረጋገጠ ዲግሪ ግዴታ ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? በኢንተርኔት ማስተማር አለ፤ ሰፊው በር እርሱ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት መምህርነት አለ፤ ከዋና መምህርነት ያነሰ ማስረጃ ይጠየቅበታል፣ ክፍያውም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ካምቦዲያ ዲግሪ የሌላቸውን መምህራን በመቀበል ለረዥም ጊዜ ስትታወቅ ኖራለች፤ ስለ እርሷ ግን ከታች የምለው ማስጠንቀቂያ አለ። ጎረቤቶቻችንንም አትናቁ። በሶማሌላንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የደቡብ ሱዳን የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ጅቡቲም ትምህርቷ በፈረንሳይኛ ቢሆንም ወደብ ያለበት አገር እንግሊዝኛ ሳይፈልግ አይውልም። ሐርጌሳ እንደ ባንኮክ አያጓጓም፤ ነገር ግን ነገሩ ካልተመቸ በየብስ ወደ አገር የሚመለሱበት ቦታ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ጁባ የሚያስብ ሰው በበኩሉ የጸጥታውን ሁኔታ በዚያ ከሚኖር ሰው አፍ ይስማ።

2. እንግሊዝኛችሁን መለካት

«ጥሩ እናገራለሁ» ማስረጃ አይሆንም። ደረጃው በአውሮፓውያኑ የቋንቋ መለኪያ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (እጅግ የበቃ) ይለካል፤ ለማስተማር ቢያንስ ቢ2፣ ቢቻል ሲ1 ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ኢኤፍ ሴት የተባለውን ነጻ የኢንተርኔት ፈተና ወስዳችሁ የት እንዳላችሁ እዩ። ውጤቱ ካረካችሁ አይኤልትስ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ሂዱ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በብሪቲሽ ካውንስል በኩል ይሰጣል። ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት በመሆኑ፣ ማመልከቻ ልትጀምሩ ስትቃረቡ እንጂ ገና በሐሳብ ላይ ሳላችሁ አትክፈሉ። ዱኦሊንጎ የሚሰጠው ፈተና ርካሽ ነው፤ ከቤት ሆኖ መውሰድም ይቻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን ፈተናው መሃል ላይ ሊቋረጥባችሁ ስለሚችል መሃል ከተማ ያለ ወዳጅ ቤት ብትወስዱት ይሻላል።

አነጋገር ላይ የእኛ ሰው የሚታወቅባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። በ«ስ» የሚጀምሩ ጥምር ድምፆች ላይ «እ» እንጨምራለን፦ «እስኩል»፣ «እስፒክ»። ምላስ በጥርስ መካከል የሚወጣባቸውን ሁለቱን ድምፆች «ዝ» እና «ስ» እናደርጋቸዋለን። ረዥሙንና አጭሩን «ኢ» ስለማንለይ በጉና መርከቡ አንድ ስም ይሆናሉ። ቃላቱን ሁሉ በእኩል ጉልበት ስለምንላቸውም የባዕድ ጆሮ ዋናውን ቃል ለይቶ አይሰማም። አንድ ገጽ አንብባችሁ በስልካችሁ ቅዱና አዳምጡት። የአሜሪካ ሰው ለመምሰል አትድከሙ፤ ሐበሻ መሆን ከሥራ አያስቀርም፣ አለመሰማት ግን ያስቀራል።

3. ልምዱን ወረቀት ላይ ማውረድ

ዲግሪ የሌለው ሰው ዲግሪውን የሚተካበት ነገር የተመዘገበ የማስተማር ሰዓት ነው። ሁለት ዓመት ያህል ልጆችን ወይም አዋቂዎችን ያስተማረና ይህንንም በማኅተም የሚያረጋግጥ ሰው፣ ከትናንት ወዲያ ከተመረቀ ልምድ አልባ ሰው ጋር ቢያንስ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል።

የት ይሠራል? መዋዕለ ሕፃናቱ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያየው የኢንዱስትሪ ፓርኮቹን ነው። ዱከም ባለው በምሥራቃዊው የኢንዱስትሪ ዞን እና በቦሌ ለሚ አካባቢ የውጭ አገር ቴክኒሻኖችና ተቆጣጣሪዎች ከሠራተኞቻቸው ጋር በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲግባቡ ይውላሉ። ለአንድ ቻይናዊ የፈረቃ ኃላፊ በሳምንት ሁለት ማታ እንግሊዝኛ ማስተማር ገንዘብም ነው፣ የወደፊት ደንበኛችሁን ድካምና ስሕተት በቅርብ የምታዩበት ልምምድም ነው። የቢሾፍቱ ሆቴሎችም እንግዳ ተቀባዮቻቸውን የሚያሠለጥን ሰው ይፈልጋሉ፤ ሥራ አስኪያጁን ሄዳችሁ ካላነጋገራችሁት ግን ማስታወቂያ አያወጡም።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስትጠይቁ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ አድርጉ፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ የተማሪዎቹ ዕድሜ፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ይግቡበት። «መልካም ሥነ ምግባር ያላት» የሚለው የተለመደ ዐረፍተ ነገር ለባዕድ ቀጣሪ ምንም አይነግረውም። የግል ድርጅት ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ሲጠየቅ መልስ እንዲኖራችሁ፣ ከደመወዛችሁ ግብር እየተቆረጠ ለመንግሥት መግባቱን አሁኑኑ አረጋግጡ። ብዙ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች እዚህ ላይ ይንሸራተታሉ።

4. ሰርተፍኬቱን መምረጥ

በገበያው ላይ መለኪያ የሆነው የ120 ሰዓት የቴፍል (እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የማስተማር) ሰርተፍኬት ነው። ዲግሪ አይጠይቅም፣ በኢንተርኔት ይወሰዳል። አደጋው በጥቂት ዶላር በአንድ ማታ የሚሸጡ ወረቀቶች መኖራቸው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ዕውቅናውን የሰጠው አካል ማን እንደሆነ ፈልጉና የዚያን አካል ዝርዝር ራሳችሁ ተመልከቱ። የእንግሊዝ የፈተናና ብቃት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመዘገበው ደረጃ 5 ሰርተፍኬት ከሆነ ገንዘቡ አይቆጭም።

ከሁሉ የሚከበረው ሴልታ የተባለው የካምብሪጅ የማስተማር ሰርተፍኬት ነው። ስድስት ሰዓት ያህል እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆሞ ማስተማርና መመዘን አለበት፤ በኢንተርኔት የሚሰጥበት መንገድም አለ። ዲግሪ በግዴታ አይጠይቅም፤ ለከፍተኛ ትምህርት የሚያበቃ የትምህርት ደረጃና ከፍ ያለ ሲ1 እንግሊዝኛ ይበቃዋል። ዋጋው ግን ከ1000 ፓውንድ በላይ ነው። አንድም የውጭ ተማሪ ሳይኖራችሁ ለዚህ መበደር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በርካሹ ጀምራችሁ፣ ሴልታን ከተማሪዎቻችሁ በምታገኙት ዶላር ውሰዱት። እስከዚያው ብሪቲሽ ካውንስል ለመምህራን በነጻ የሚያቀርባቸው የኢንተርኔት ሥልጠናዎች አሉ።

5. የውጭ ተማሪን እቤት ማስገባት

ተማሪና አስተማሪን በኢንተርኔት የሚያገናኙት ፕረፕሊና አይቶኪ የተባሉት መድረኮች ዲግሪ አይጠይቁም፣ አፍ መፍቻ ቋንቋችሁም እንግሊዝኛ እንዲሆን አያስገድዱም። አይቶኪ ያለ ሰርተፍኬት የሚያስተምሩትን «የማኅበረሰብ አስጠኚ» ብሎ ለብቻ ይመድባል፤ አዲስ ማመልከቻ የሚቀበለው ግን ሁልጊዜ ስላልሆነ አንድ ቀን ተዘግቶ ብታገኙት ሌላ ቀን ሞክሩ። ካምብሊ የተባለው ሌላው መድረክ የሚፈልገው እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩትን ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም።

ሒሳቡን ከመግባታችሁ በፊት ሥሩት። ፕረፕሊ ከእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ የመጀመሪያውን የሙከራ ትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ 33 በመቶ ይቆርጣል፣ ያስተማራችሁት ሰዓት እየበዛ ሲሄድ እስከ 18 በመቶ ይወርዳል። በሰዓት 6 ዶላር ብትሉ መጀመሪያ ላይ እጃችሁ የሚገባው 4 ዶላር ያህል ነው። አይቶኪ 15 በመቶ ይወስዳል። ተማሪ ለመሳብ 2 ዶላር የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ርካሽ ፈልጎ የመጣ ተማሪ ከእናንተ የረከሰ ባገኘ ቀን ይሄዳል።

ክፍያው በምን መንገድ እንደሚደርሳችሁ አስቀድማችሁ እዩ። ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ገንዘብ መቀበያ አይሆንም። መድረኩ የሚጠቀምበት የክፍያ ድርጅት ወደ ኢትዮጵያ ባንክ መላክ መቻሉን፣ ባንካችሁም መቀበል መቻሉን ቅርንጫፉ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በባንክ መመንዘር እንደ ቀድሞው ኪሳራ ስላልሆነ አቋራጭ አትፈልጉ። የባንኩ ደረሰኝ ከውጭ አገር ሰዎች በማስተማር ገቢ እንዳላችሁ የሚያሳይ ሰነድ ስለሆነ አንዱንም አትጣሉ።

መግቢያ ቪዲዮው ላይ ብዙ ሰው ይበላሻል። ቆሞ የሕይወት ታሪክ መዘርዘር፣ ከበስተጀርባ ሙዚቃ ማድረግ፣ «ስሜ እገሌ ይባላል፣ የመጣሁት ከውቧ ኢትዮጵያ ነው» ማለት ጊዜ ማባከን ነው። ፊታችሁን ወደ መስኮት አዙራችሁ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር አስተምሩ፤ ለምሳሌ ሰው ሆቴል ገብቶ ክፍል ሲጠይቅ የሚላቸውን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች። ተማሪው ሊገዛ የመጣው ያንን ነው። በመግለጫችሁ ላይም ለሁሉም አስተማሪ ነኝ አትበሉ። ጀማሪዎችን፣ ሕፃናትን ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁትን ምረጡ። እንግሊዝኛን ራሳችሁ ከክፍል ውስጥ የተማራችሁት ስለሆነ ጀማሪ የት እንደሚደናቀፍ ታውቃላችሁ፤ ለንደን የተወለደ ሰው ይህን አያውቀውም።

አማርኛም ጨምሩበት። በእነዚህ መድረኮች የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንደ አሸዋ ነው፣ የአማርኛው ግን ጥቂት ነው። በውጭ የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ሐበሻ ያገቡ ሰዎች፣ በማደጎ ያደጉ ወጣቶች ይፈልጉታል። የመጀመሪያዎቹን መልካም አስተያየቶች በአማርኛ ሰብስባችሁ እንግሊዝኛውን በዚያ ስም ማስከተል ትችላላችሁ።

የሰዓቱ ነገር ያስቃል። ቶኪዮ ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፣ ሳኦ ፓውሎ ደግሞ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ ጃፓናዊው በራሱ ሰዓት «ማታ 7» ሲላችሁ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ ብራዚላዊው «ጠዋት 8» ሲላችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ለእነዚህ ሁለቱ ቁጥሩን መቀየር አያስፈልግም። ለሌላው ሁሉ መድረኩ የሚያሳየው 13:00 የእኛ 7 ሰዓት መሆኑን ግድግዳ ላይ ጻፉ፤ አንድ ቀጠሮ መሳት በአስተያየት መስጫው ላይ ለወራት ይታያል።

መብራትና ኔትወርክ በዳርቻው ሰፈር የታወቀ ችግር ነው። ሁለት ሲም ካርድ፣ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም አንዱ የሳፋሪኮም፣ እንዲሁም ስልክና ራውተር ለሁለት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ከላፕቶፕ በፊት የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው። ጎረቤት ያለው የግንባታ ማሽን ወይም የጸሎት ድምፅ ማጉያ መቼ እንደሚበረታ አውቃችሁ ሰዓታችሁን ዝጉ።

6. ሰነዶች

ፓስፖርት ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት፣ የልደት የምስክር ወረቀት ከወረዳው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚያሳየው ማስረጃ ከፌደራል ፖሊስ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በቅርብ ቀን የተሰጠ ስለሆነ ከሁሉ በኋላ አውጡት። የ12ኛ ክፍል ወይም የዲፕሎማ ማስረጃችሁ በሚመለከተው የትምህርት መሥሪያ ቤት ከተረጋገጠ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በተቀባዩ አገር ኤምባሲ ይታተማል። በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የምትኖሩ ከሆነ ከቀበሌ የሚሰጣችሁ ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ሊሆን ስለሚችል፣ በተፈቀደለት ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሙት። ስማችሁ በሁሉም ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን እዩ፤ የአያት ስም ላይ ያለች አንዲት ፊደል ወራት ታስበላለች።

7. ወጥመዱን ማወቅ

በየካቲት 2017 ዓ.ም. ሰው ታግቶ በኢንተርኔት እንዲያጭበረብር ከሚገደድባቸው የማያንማር ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያኑ ብቻ ከ100 በላይ ነበሩ። ብዙዎቹን የወሰዳቸው የኮምፒውተር ወይም የደንበኞች አገልግሎት ሥራ የሚል ተስፋ ነበር። እነዚህ ካምፖች ከምንም በላይ የሚፈልጉት እንግሊዝኛ የሚጽፍና ኮምፒውተር የሚነካ ወጣት ነው፤ ይህ ማለት በትክክል እናንተን ነው። በካምቦዲያም እንዲህ ያሉ ግቢዎች አሉ። «የእንግሊዝኛ መምህር፣ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ደመወዝ በዶላር፣ ቪዛ በእኛ» የሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ ስታዩ በዚህ መንገድ ፈትኑት።

ስታስተምሩ ሳያያችሁ የሚቀጥር ትምህርት ቤት መምህር እየቀጠረ አይደለም። እውነተኛ ትምህርት ቤት በቪዲዮ ያነጋግራል፣ የናሙና ትምህርት ያስጠይቃል፣ ስለ ክፍል አያያዝ ይጠይቃል። የትምህርት ቤቱን አድራሻ በካርታ ላይ ፈልጉ፤ ደላላው በሰጣችሁ ቁጥር ሳይሆን ከራሱ ገጽ ባገኛችሁት ቁጥር ደውሉና እዚያ የሚያስተምር አንድ መምህር እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። የቪዛውን ዓይነት ስም አስጠሩ፦ ታይላንድ ለሥራ የሚሰጠው «ኖን ኢሚግራንት ቢ» ነው። «በቱሪስት ግቡ፣ እዚያ እንለውጠዋለን» ከተባለ ንግግሩ እዚያ ይብቃ። ባንኮክ የሚያስተምር ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ለሰዓታት ወደ ምዕራብ ወደ ሜ ሶት በመኪና አይጓዝም፤ ከሜ ሶት ወንዙን ከተሻገራችሁ ማያንማር ናችሁ።

ገንዘቡም ይናገራል። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው የፓስፖርቱን፣ የሕክምና ምርመራና የክትባቱን፣ የልደትና የወንጀል ነጻ ማስረጃውን እንዲሁም የውል ማረጋገጫውን የመሳሰሉትን ነው። ለቪዛ ተብሎ ወላጆች በሬ እንዲሸጡ የሚጠይቅ ኤጀንሲ ከዚህ ውጭ ነው። ፈቃድ ያላቸውን ኤጀንሲዎች ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጠይቁ። አብዛኞቹ የሚልኩት የቤት ሠራተኛ ስለሆነ «መምህር» ብሎ አስፈርሞ ቤት ጽዳት ላይ የሚያስገባ እንዳይኖር በውሉ ላይ የሥራ መደቡን በዓይናችሁ አንብቡ። ሥራውን ራሳችሁ ካገኛችሁትም ውሉን ይዛችሁ ሚኒስቴሩ ዘንድ ሳትቀርቡ ያላችሁን ሥራ አትልቀቁ።

8. ውሉ

በውሉ ላይ የሳምንቱ የክፍል ሰዓት ከጠቅላላው የሥራ ሰዓት ተለይቶ ይጻፍ፤ «40 ሰዓት» ሲባል ሁሉም ክፍል ውስጥ ከሆነ ጉልበት አይችለውም። የክረምት ወራት ደመወዝ አለ ወይስ የለም? መኖሪያ ቤቱን ማን ይከፍላል? ስንብት ስንት ቀን ቀደም ብሎ ይነገራል? ፓስፖርታችሁን አሠሪው «ለደኅንነት» እንዲያስቀምጠው የሚል አንቀጽ ካለ አስወጡት። የተማሪዎቻችሁን የኢንተርኔት ትምህርት መቀጠል የሚከለክል አንቀጽ መኖሩንም እዩ፤ አዲሱ ደመወዝ እስኪረጋ የሚያኖራችሁ እርሱ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የፓስፖርቱን፣ የቪዛውንና የውሉን ቅጂ በኢሜይላችሁ አስቀምጡ፣ አንዱን ቅጂ ለቤተሰብ ስጡ፤ የመመለሻ ቲኬት የሚገዛ ገንዘብ ደግሞ አሠሪው በማያውቀው፣ ከውጭ ሆናችሁ ልታዙበት በምትችሉት ሒሳብ ውስጥ ይቀመጥ።